ሪቫን የታሰረለት መኪና ለምን ደጅ ይቆማል

ለመኪና ስጦታ የሚሸጠው ትልቁ ቀይ ሪቫን ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ ማግኔት አለው። የብረት ላሜራ ላይ ሲያስቀምጡት ጥብቅ ይላል። ኮፈኑ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ተንሸራትቶ መሬት ይወርዳል፤ ውድ ከሚባሉት መኪኖች ደግሞ የብዙዎቹ ኮፈን አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ የግብዣ አዘጋጅ ሪቫኑን ከማዘዙ በፊት የፍሪጅ ማግኔት ኪሱ ከትቶ ወደ መኪና መሸጫው ይሄዳል። ማግኔቱ ካልያዘ ሰፊ ጥብጣብ በጣሪያው ላይ አሳልፎ በሁለቱ የፊት በሮች ወደ ውስጥ ያስገባና እዚያው ይቋጥረዋል። ከሪቫኑ ሥር ስስ ጨርቅ ካልተነጠፈ አዲሱ ቀለም ይጫራል። መኪናው ታጥቦ ሳይደርቅ ከታሰረ ደግሞ ርካሽ ቀይ ጨርቅ ነጭ ኮፈን ላይ ይለቃል። ነጭ መኪና ላይ የለቀቀ ቀይ ቀለም በካሜራ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ሰው የገጨ መኪና ይመስላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚታየው ለሁለት ደቂቃ ነው። ኤም ቲቪ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ በጥር 2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ማሳየት በጀመረው፣ የሀብታም ልጆችን የአሥራ ስድስተኛ ዓመት ልደት ግብዣ በሚከታተለው «ማይ ሱፐር ስዊት ሲክስቲን» ሾው ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ናቸው። ባለልደቷ ከአዳራሹ ተጠርታ ትወጣለች፣ እንግዳው ሁሉ ግር ብሎ ይከተላታል፣ ከዚያ ጩኸት ነው። ሾውን ያየ ሰው መኪናውንና ለቅሶውን አይረሳም። መኪናው ግን ለምን ብዙ ጊዜ ደጅ እንደሚቆም የሚጠይቅ አላየሁም። ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ግብዣ ላይ መድረኩ መሀል ቢያቆሙት አያምርም ነበር?

ያምራል። ችግሩ የእሳት አደጋ ደንብ ነው። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሚሠሩበት ደንብ ሰው የተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ መኪና ለማሳየት ባትሪው እንዲነቀል፣ የነዳጅ ታንኩ እንዲታሸግ፣ ነዳጁም ከታንኩ ሩብ ወይም ከ19 ሊትር፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ያዛል። ባትሪው ከተነቀለ የፊት መብራቱ አይበራም፣ ጥሩንባው አይጮኽም፣ የሩቅ ቁልፉም አይሠራም። ልጅቷ ቁልፏን ተጭና መኪናው «ጢጥ ጢጥ» ብሎ ካልመለሰላት ትዕይንቱ ሞተ። ደጅ ግን ሁሉም ነገር ይሠራል። ስለዚህ ያ የታወቀ ግርግር፣ በታኮ ጫማ የሚሮጡት ልጆች፣ ከኋላ እየተደናቀፈ የሚከተለው ካሜራ፣ ሥሩ የባትሪ ኬብል ነው።

የእሳት አደጋ ደንብ ደግሞ በቀልድ የሚታይ አይደለም። ሾው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 20 ቀን 2003፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ዘ ስቴሽን በተባለ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት የድምፅ መከላከያ ስፖንጁን አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ አዳራሾች ስለ ርችት፣ ስለ መውጫ በርና ስለ ሰው ብዛት ከእሳት አደጋ መኮንን ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ተቀየረ። ሀብታም አባት ብዙ ነገር ይገዛል። የአዳራሹን የሰው ልክ የሚናገረውን በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን መግዛት አይችልም።

ስለዚህ ሾው ብዙ ሰው እንደሚለው ስለ ገንዘብ ነው ብዬ አላምንም። ገንዘቡ መግቢያ ትኬት ነው። ለቅሶው የሚመረተው ከዝርዝርና ከሰዓት ነው፤ ማን ይጠራል፣ ምን መቼ ይደርሳል። ሁለቱም በዕቅድ የሚሠሩ ናቸው።

ዝርዝሩን እንውሰድ። ወለሉ 600 ካሬ የሆነ አዳራሽ ተከራያችሁ እንበል። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ ጠረጴዛና ወንበር የተደረደረበት ቦታ ለአንድ ሰው 1.4 ካሬ ያህል ይታሰብለታል፤ ወንበር ብቻ ከሆነ 0.65፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ግማሽ ካሬ እንኳ አይሞላም። በጠረጴዛ ልክ 600ን ለ1.4 ስታካፍሉ 428 ሰው ይወጣል። ደስ አላችሁ። አሁን መቀነስ ጀምሩ። ለዳንስ 100 ካሬ፣ ለመድረክ 40፣ ባለልደቷ ለምትመጣበት ረጅም መተላለፊያ 20፣ ለምግብና ለዲጄ 40፣ ክንዱ ረጅም ለሆነው ካሜራና ለኬብሉ 15። የቀረው 385 ካሬ ነው፤ 275 ሰው። ከ275ቱ ውስጥ የአባት የሥራ ባልደረቦች፣ የእናት ጓደኞች፣ ዘመድ አዝማድ 100 ቢሆኑ ለትምህርት ቤቱ 175 ቦታ ቀረ። ልጅቷ ግን ለመላው ትምህርት ቤት ስታወራ ከርማለች። አስለቃሹ ትዕይንት እዚህ ተወለደ፤ ማንም ክፉ መሆን አላስፈለገውም። ጠረጴዛውን አውጥቶ ሰዉን በቁም ማስተናገድ ቁጥሩን ያሳድገዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከ500 ሲያልፍ ሦስተኛ መውጫ በር ያስፈልጋል፤ አዳራሹ ሁለት ብቻ ካለው ነገሩ እዚያው አበቃ።

የጥሪ ካርዱ የሚታደልበት ክፍል ደግሞ በጣም የተለፋበት ነው። ባለልደቷ ጭፍራ አስከትላ ትመጣለች፣ ስም ትጠራለች፣ ያልተጠራችው ፊቷን ታዞራለች። በድንገት የተያዘ ይመስላል። ትምህርት ቤትም ሆነ የገበያ አዳራሽ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ካሜራ አያስገባም። ፊቱ በግልጽ የሚታይ ሰው ሁሉ የፈቃድ ቅጽ ይፈርማል፤ ያልፈረመው ፊቱ ይደበዝዛል። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ፊርማ ብቻውን ዋጋ ስለሌለው ወላጅ ይፈርምለታል። እስቲ ይህን አስቡት፤ «አልተጠራሽም» ተብላ በቴሌቪዥን ዕንባዋን የምትጠርገው ልጅ ፊቷ ጥርት ብሎ ከታየ እቤቷ ያለ አንድ ወላጅ ወረቀት ላይ ፈርሟል። እኔን ከመኪናውም ከአልማዙም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። ባለልደቷስ ቢያንስ ድግስ አግኝታበታለች።

ሰዓቱን የሚያጣምመው ኤዲተሩ ነው። የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ማስታወቂያው ሲወጣ 22 ደቂቃ ገደማ ይቀራል። ለዚያ 22 ደቂቃ የብዙ ቀን ቀረጻ ይሰበሰባል። መሀል መሀል ልጅቷ ብቻዋን ተቀምጣ የምትናገርባቸው ቁርጥራጮች አሉ፤ «ነገ ግብዣዬ ነው፣ ዘፋኙ ካልመጣ እሞታለሁ» ትላለች። ይህ ዓይነቱ ቃለ ምልልስ ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ፕሮዲውሰሩ በአሁን ጊዜ ግሥ እንድትናገር ይጠይቃታል፤ ልብሷና ጸጉሯ እንዳይቀየር ይነገራታል፤ ምክንያቱም በሁለት የተለያየ ቀን የተናገረችው እንደ አንድ ንግግር ይቀጠላል። የተለያየ ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ አዲስ ዓረፍተ ነገር ሲሰፋ በሙያው ሰዎች ዘንድ «ፍራንከንባይት» ይባላል። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ልጅቷ መናገር ስትጀምር ፊቷን አሳይቶ ወዲያው ወደ ጫማ፣ ወደ ኬክ ወይም ወደ እናቷ ፊት ከዘለለ፣ ድምፁ ደግሞ መሀል ላይ ድንገት ከፍ ዝቅ ካለ፣ ያ ንግግር ተሰፍቷል። ሰው አንድ ሐሳብ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ መቀስ ይህን ልማድ አያውቅም።

ዘፋኙ ዘገየ የሚባለውስ? አብዛኛውን ጊዜ መዘግየቱ የክፍያ ጉዳይ ነው። በሥራው የተለመደው ግማሹን ቀብድ በውል ጊዜ፣ ቀሪውን መድረክ ከመውጣቱ በፊት መክፈል ነው። የባንክ ዝውውሩ አርብ ማታ ተልኮ ካልደረሰ ዘፋኙ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሲወጣም ሙሉ ባንድ ይዞ የሚመጣው ጥቂቱ ነው፤ ሦስት አራት ዘፈን በትራክ፣ በእኛ አነጋገር ግማሽ ፕሌይባክ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያበቃል። በቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ ሰላሳ ሰከንድ ነው። ምክንያቱም ግብዣ ላይ ለመዝፈን የተከፈለው ገንዘብ በቴሌቪዥን ለማሳየት አይሆንም፤ ለዚያ የዘፈኑና የቅጂው ባለመብቶች ሌላ ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ክፍያ። አባትየው ለዚህ አልተዘጋጀም። የዘፋኙን ዋጋ ሲሰማ ሁሉንም የገዛ መስሎታል።

መድረክ ላይ የሚበላሸው ነገር ያው በየሰርጉ የምናውቀው ነው። መብራቱና ድምፅ ማጉያው ከአንድ መስመር ሲሳቡ መብራቱ በደበዘዘ ቁጥር ስፒከሩ ዝዝዝ ይላል፤ መፍትሔው ለየብቻ መስመር፣ ካልሆነም ለየብቻ ጄኔሬተር ነው። የጭስ ማሽኑ የጣሪያውን ማንቂያ ደወል ያስጮኸዋል፤ አዳራሹን አስቀድሞ ጠይቆ፣ የእሳት አደጋ ሰው ቆሞ እያየ ደወሉን ለዚያች ሰዓት ማስዘጋት ያስፈልጋል። በፈረስ ሠረገላ የመጣች ልጅ ካለች ፈረሱን ከዲጄው ስፒከር ፊት አታቁሙት። ይህ ሁሉ ለአንድ የመግቢያ ትዕይንት ነው፤ ከሦስት ጊዜ በታች ልምምድ የተደረገበት መግቢያ ደግሞ ሲሳካ ማየት ብርቅ ነው።

የሚገርመው የበዓሉ እውነተኛ ሥርዓት ሾው ውስጥ ቦታ ማጣቱ ነው። አሜሪካኖች ለአሥራ ስድስተኛ ልደት የሻማ ሥርዓት አላቸው። ባለልደቷ 16 ሻማ ታበራለች፤ እያንዳንዱን ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ወገን ሰጥታ፣ ለአያቷ፣ ለአስተማሪዋ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለምታውቃት ጓደኛዋ፣ ለምን እንደመረጠቻቸው ትናገራለች። አንዳንዶች ለዕድል አሥራ ሰባተኛ ይጨምራሉ። አባትም ዝቅ ያለ ጫማዋን አውልቆ ባለ ታኮ ያለብሳታል፣ አብረው ይደንሳሉ። በአንድ ሻማ አንድ ደቂቃ ተኩል ብትናገር 16ቱ 24 ደቂቃ ይፈጃሉ። ፕሮግራሙ በጠቅላላ 22 ነው። ምስጋና ረጅም ነው፤ ስድብ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። ኤዲተር ደግሞ የሚኖረው በሰከንድ ነው።

ወጪውን የሚችለው ቤተሰቡ ነው፤ ጣቢያው ካሜራውን ይዞ ይመጣል እንጂ ድግሱን አይደግስም። ለዚህ ነው በስክሪኑ ላይ የሚታየው በጀት የማይታመነው። የአሜሪካ አዳራሽ በነፍስ ወከፍ የሚጠራው ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 22 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፣ ከዚያ ታክስ። ከእኩለ ሌሊት ያለፈ እያንዳንዱ ሰዓት የትርፍ ሰዓት ሒሳብ አለው፤ ጥበቃው፣ አስተናጋጁ፣ የመብራት ባለሙያው፣ አበባውን የሚያነሳው ሁሉ። አዳራሹም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ የኃላፊነት መድን ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። «በጀቴ ይህ ነው» ያለ አባት በጽሞና ቢያሰላው ከተናገረው ላይ ሩቡን ያህል ሊጨምር እንደሚችል ይገባዋል። ካሜራ ፊት ግን ማን በጽሞና ያሰላል?

መኪናውም እንደ ኬክ ቆርሶ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የገባችውን ውል ልታፈርሰው ስለምትችል ሻጭም ባንክም በስሟ መዋዋል አይፈልግም፤ ሊብሬውም መድኑም አብዛኛውን ጊዜ በወላጅ ስም ነው። ግብርም አለው። በ2005 በአሜሪካ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ያለ ምንም ቅጽ መስጠት የሚችለው 11,000 ዶላር ነበር፣ በ2006 ደግሞ 12,000፤ አባትና እናት ተደምረው 24,000። ከዚያ ያለፈ ስጦታ ወዲያውኑ ግብር ባያስከፍልም የግብር ቅጽ ያስሞላል። በ2010 ራፐሩ ሾን ኮምብስ ለልጁ ለአሥራ ስድስተኛ ዓመቱ የሰጠው ማይባክ የተባለ የቅንጦት መኪና 360,000 ዶላር እንደሚያወጣ ተዘግቧል። የመሬት መንቀጥቀጥ ለመታት ሄይቲ የሚሆን 10,000 ዶላርም አብሮ ተሰጥቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ማለፍ ይሻለኛል።

ከሾው ትዕይንቶች ሰው ሁሉ የሚያነሳው መኪናው ከግብዣው በፊት ስለተሰጣት እናቷን በካሜራ ፊት የዘለፈችውን ልጅ ነው። ሲሳቅባት ኖሯል። እኔ ግን ያቺ ልጅ ፕሮግራሙን ከእናቷ የተሻለ አንብባዋለች እላለሁ። እናትየዋ የሰጠችው መኪና ነው፤ ልጅቷ ያጣችው መጨረሻዋን ነው። ሰው ሁሉ የሚጮኽበትን ሰዓት አጣች። ብልግናው ብልግና ነው፣ አልከላከልላትም፤ ግን ቅደም ተከተሉን ያስተማራት ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው።

የሾው የመጀመሪያ ዘመን በ2008 አበቃ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ከሰረ። አንዱ ሌላውን አመጣው አልልም። ግን የቤት ብድር ያልቻለ ሕዝብ ፊት የመኪና ሪቫን ማሳየት ይከብዳል። ጣቢያው በ2008 «ኤግዛይልድ» የሚል ቅጣት መሰል ተከታይ ሠራ፤ የቀድሞ ባለልደቶችን ሩቅ አገር ልኮ እንጨት የሚያስለቅም፣ ከብት የሚያስጠብቅ። አንዷ ኬንያ፣ ማሳዮች ዘንድ ተላከች። እኛ የአፍሪካ ልጆች እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ማየት አለብን፤ የአንድ ማኅበረሰብ የዘወትር ኑሮ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ እበት ማንሳቱ፣ ለባለጌ ልጅ እንደ ቅጣት ሲታዘዝ። በ2009 ደግሞ ያው ጣቢያ «ሲክስቲን ኤንድ ፕሬግናንት» (አሥራ ስድስት ዓመትና እርጉዝ) ብሎ መጣ። ዕድሜው ያው አሥራ ስድስት ነው። ዘውዱ ወርዶ የሕፃን ጋሪ ገባ። የልደቱ ሾው በ2017 ሲመለስ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ የየራሳቸው ካሜራ ይዘው ጠበቁት።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያሉ የሐበሻ ቤተሰቦችም ለልጆቻቸው ስዊት ሲክስቲን ይደግሳሉ። እዚያ የዝርዝሩ ጣጣ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ሐበሻ መጥራት እንጂ አለመጥራት አይችልበትም። «እነ እትዬ እገሌን ትተን?» ይባልና 200 የታሰበው 320 ይሆናል፤ የተጠራውም ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል። የአዳራሹ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲቆጥር «ዘመድ ነው፣ ይግባ» የሚል አጎት አይጠፋም። ያልተጠራች ልጅ የምታለቅስበትን ትዕይንት ለመቅረጽ የመጣ ፕሮዲውሰር ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ይልቅ በጥሪው ካርድ ላይ «በዚህ ካርድ ሁለት ሰው ብቻ» ብሎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማሳተም፣ ከዚያም ለ40 ሰው ትርፍ እንጀራ መያዝ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪናው ነገር ከናካቴው አይሠራም፤ መንጃ ፈቃድ የሚወጣው በ18 ነው።

ለነገሩ አሜሪካም ቢሆን አሥራ ስድስት ያን ያህል ነጻ አያወጣም። ኒው ጀርሲ ብቻዋን እንድትነዳ የሚፈቅድላት በ17 ነው። በካሊፎርኒያ በ16 የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻን መንዳት ይከለክላል፣ ከ20 ዓመት በታች የሆነ ሰውም አብሮ እንዲሳፈር አይፈቅድም፤ ዕድሜው 25 የሞላ ባለ መንጃ ፈቃድ ወይም ወላጅ ከጎን ካልተቀመጠ። ግብዣው የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ነው። ጓደኞቿ «ሾፍሪን!» እያሉ በሩን ይጎትታሉ፣ ካሜራው ይህን ቀርጾ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ሪቫኑ ይፈታል፤ መንገዱን ይጋርዳልና ታስሮ አይነዳም። ተጣጥፎ የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። አባትየው መሪውን ይይዛል፣ ባለልደቷ ጫማዋን አውልቃ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚገፋውን ቁልፍ በጨለማ ይፈልጋሉ።